የተዘቀዘቀው ነጠላ

ታናሽ እህቴ በአባታችን ለቅሶ ላይ ሳቀች። ልደብቀው ብልም አልችልም፤ ያኔ ንፋስ መውጫ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እሷ ስድስት።

ለምን እንደሳቀች የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናታችን ያሳደገችን ጥጥ ፈትላ ነው። ቤታችን ውስጥ እንዝርት ወይም ልቃቂት የሌለበት ጥግ አልነበረም። የፈተለችው ከሸማኔ ቤት ነጠላ ሆኖ ሲመለስ ከሁላችንም በፊት የምትቀበለው እህቴ ነበረች። እስከ አምስት ዓመቷ ቃል አልተናገረችም፣ ሰው ዓይን ውስጥ አታይም፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ጆሮዋን ይዛ ከአልጋ ሥር ትገባለች። ነጠላ ሲመጣ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ጥለቱን በሌባ ጣቷ እየተከተለች፣ ሰማያዊውን፣ ወርቃማውን፣ እንደገና ሰማያዊውን፣ እየሳቀች ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ብትተዋት አይሰለቻትም።

በአገራችን ሴት ስታዝን ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች። በደህናው ቀን ከታች የሚውለው ጥለት ሽቅብ ወጥቶ አንገትና ትከሻዋ ላይ ያርፋል። ሐዘንተኛ ከሩቅ የሚለየው በዚህ ነው። አባታችን የሞተ ዕለት እዚያ ቤት የነበረች ሴት ሁሉ ዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እህቴ ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ የምትፈልገው ጥለት ያን ቀን ልክ በዓይኗ ትይዩ ዋለላት። ከአንዷ አንገት ወደ ሌላዋ አንገት እየሄደች፣ ጥለቱን በጣቷ እየነካች፣ እየተፍለቀለቀች ትስቃለች። እናቴ ፊቷን ትነጫለች፤ እሷ ከእናቴ አንገት ላይም ጥለቱን ያዘች።

“አባቷ ሞቶ የምትስቅ! ይኸ ምን የሚሉት ጉድ ነው?” አሉ ጎረቤታችን የነበሩት ሴትዮ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አፋቸው ግን በር የለውም። “እኔ ለእናትየዋ ነው የማዝነው” አሉ ሌላዋ። በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

እኔ ደግሞ ስናደድ ዝም ብዬ አልናደድም፤ አንድ ነገር ካላደረግሁ አይበርድልኝም። የአባታችን አርባ እየቀረበ ነበር። አርባው ላይ ደግማ ከሳቀች አለቀልን ብዬ ቆረጥኩ። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ እህቴን ወደ ጓሮ ወሰድኳት፤ የእናቴን ነጠላ ዘቅዝቄ ለበስኩና ፊቷ ቁጭ አልኩ። እየሳቀች እጇን ወደ ጥለቱ ስትሰድ የክንዷን ውስጠኛ ሥጋ፣ ብብቷ አጠገብ ያለውን ስሱን፣ ይዤ ጠምዝዤ ቆነጠጥኳት። ጮኸች። እስክታለቅስ አልለቀቅኳትም። ስታለቅስ ነጠላውን ወደ ደህናው መልሼ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ ሰጠኋት። እሱን ቆርጥማ ስትጨርስ እንደገና ዘቀዘቅኩ።

ይህን ለሦስት ቀን አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን እጄን ሳላነሳ፣ ነጠላውን መዘቅዘቅ ስጀምር ብቻ፣ ማልቀስ ጀመረች። የተሰማኝን ልናገር፤ ኩራት ነው የተሰማኝ። አርባው ላይ የተዘቀዘቁትን ሴቶች ስታይ እንደ ትልቅ ሰው እዬዬ አለች። ጎረቤታችን ሳይቀሩ “አያችሁ፣ አሁን ገባት፤ አንጀቷ ነው የተላወሰ” ብለው አለቀሱላት። እናቴ አቅፋ ሳመቻት። እኔ ጥግ ቆሜ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብዬ በልቤ ተኩራራሁ። በኋላ መምህርት ሆኛለሁ፤ እንደዚያ ፈጥኖ የገባው ተማሪ ግን አላጋጠመኝም።

ከዚያ በኋላ እህቴ የተዘቀዘቀ ነጠላ ባየች ቁጥር ትጮኻለች። የማንም ይሁን፣ የትም ይሁን። ጥለት በጣቷ መከተሉን ጭራሽ ተወች፤ አዲስ ነጠላ ከሸማኔ ሲመጣ ከቤት ትወጣለች። አስከሬን በደጃችን ሲያልፍ በር እንዘጋለን፣ ለቅሶ ቤት አንወስዳትም፣ ገበያ ስንሄድ እኔ ቀድሜ መንገዱን እቃኛለሁ። ሰፈሩ የራሱን ትርጉም ሰጠው፤ ግማሹ የሞት ሽታ ይሸታታል አለ፣ ግማሹ ሟርተኛ አላት። እናቴ ሁለቱንም ሰምታ ዝም ትላለች። እኔ ምክንያቱን የማውቅ ብቸኛዋ ሰው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት ግንቦት ላይ የእናቴ ወንድም አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ሞተ። እኔ ያኔ እዚያው ንፋስ መውጫ የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። ፈተና ላይ ስለነበርኩ እናቴ ከዘመድ ጋር ሄዳ ቀብራ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። እህቴ በነዚያ ሦስት ቀናት ከበር አልተነሳችም። እናቷ ከቤት ስትወጣ እስክትመለስ በሩ ላይ ቆማ መጠበቅ ልማዷ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በመንገዱ ማዶ ስትመጣ አየኋት፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ ዘቅዝቃለች። ሮጬ ልደርስባት ፈለግኩ፤ አልደረስኩም።

እህቴ መጀመሪያ ወደ እናቷ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች። አፏ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። የግራ ክንዷን በቀኝ መዳፏ ሸፍና ወደ ኋላ ስትሄድ በጎርፍ መውረጃው ቦይ ተሰናክላ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ቀጥታ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ከጋሸና በኩል የሚመጣ አይሱዙ ጭነት ይዞ ቁልቁለቱን ይወርዳል። የፍሬኑ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። መኪናው ቆሞ ሾፌሩ ሲወርድ በመኪናው አፍንጫና በእህቴ መካከል ክንድ የማይሞላ ነበር የቀረው። ሾፌሩ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ መሳደቡ አቅቶት ጎማው ላይ ተደገፈ። እናቴ መንገድ ላይ ተንበርክካ ልጇን በስሟ ትጠራለች፤ በጠራቻት ቁጥር ልጅቱ ከእሷ ትሸሻለች።

ያን ቀን ያስፈራት ነጠላው ብቻ መስሎን ነበር። እናቴ ቤት እንደገባች አውልቃ ደበቀችው። ምን ዋጋ አለው፤ እህቴ አሁን የፈራችው ራሷን እናቷን ነው። ፊቷን፣ ድምፅዋን፣ የእግሯን ኮቴ። ወደ ማድ ቤቱ ተዛወረች። እናቴ ያቀረበችውን አትበላም። እኔ ስሰጣት ትበላለች፣ ምግቡን የሠራችው እናቴ መሆኗን በምን እንደምታውቅ እንጃ፣ ግማሹን ትተወዋለች። በአንድ ወር የአንገቷ አጥንት ወጣ።

እናቴ ሁለት ምላጭ መካከል ገባች። ሴት ለወንድሟ ዓመት ካልዘቀዘቀች በእኛ አገር ወንድሟን አልወደደችውም ማለት ነው። ደጅ ስትወጣ ትዘቀዝቃለች፣ በር ላይ ስትደርስ ቀልብሳ ትገባለች። ጎረቤታችን ይህን አይተው “አንቺዬ፣ የወንድምሽ ሐዘን ቤት አይገባም እንዴ?” አሏት። እናቴ ገብታ ከእንዝርቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ “ለሞተው ላልቅስ ወይስ ላለችው?” ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሐምሌ ላይ ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር ሄድኩ። አንድ ወጣት መምህር ነበረን፤ ኮቱ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ጠመኔውን በልቶ የሚጨርሰው ይመስላል። አንድ ቀን ስለ አንጎል ሲያስተምር እንዲህ አለ፦ አንጎል ውስጥ “ሂድ” የሚሉ ነርቮች አሉ፣ “ቁም” የሚሉም አሉ። እርስ በርስ የሚገናኙበት ቀጭን ስፍራ ሲናፕስ ይባላል፤ ሰው በኖረው ልክ ይጠብቃል፣ ይላላል። ፍርሃት የተማረ አንጎል ፍርሃቱን ሲተው የተማረው አይሰረዝም። ከላዩ “ቁም፣ እዚህ ምንም የለም” የሚለው መገናኛ ይጠብቃል እንጂ። “ፍሬን በሉት” አለን። “ሞተሩ እዚያው ነው። የተጨመረው ፍሬን ነው።”

አይሱዙው ፊቴ ድቅን አለ። መምህሩ ቀጥሎ ኦቲዝም የሚባል ነገር አነሳ። ቃሉን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። ዘግይቶ መናገር፣ ዓይን አለማየት፣ ከድምፅ መሸሽ፣ አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ ማለት፤ እህቴን አይቷት የመጣ ይመስል ይዘረዝራል። እንዲህ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ላይ የ“ቁም” መገናኛዎቹ በሌላ መንገድ ይሠሩ እንደሆነ ገና እየተጠና ነው፣ ያላለቀ ነገር ነው አለ። እጄን አወጣሁ።

“በልጅነት የገባ ፍርሃት ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ፍሬን ሊማር ይችላል?”

“ሊማር ይችላል” አለ። “ግን በዝግታ፣ እየተደጋገመ። ደግሞ በተማረበት ቦታ ይሠራና ሌላ ቦታ እምቢ ይላል። ለምን ጠየቅሽ?”

“ለተማሪዎቼ” አልኩ። ውሸታም።

ነሐሴ መጨረሻ ስመለስ እህቴን ማድ ቤት ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ አገኘኋት። ልብሷ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። እናቴ ወስና ጨርሳለች፤ መስቀል እንደዋለ አስራም ቢሆን ጠበል ልትወስዳት ነው። ለሚይዙላት ሁለት ጎረምሶች ተነግሯቸዋል። ሰው ሲነካት እንኳ የምትዘለው እህቴ፣ ታስራ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ዙሪያዋን የማታውቀው ሕዝብ። በዚያው ዕለት እናቴ እየፈተለች ሳለ ፊቷ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ጓሮውን፣ ነጠላውን፣ ክንዷን፣ ሽምብራውን።

እንዝርቱ ቆመ። ክሩ ተበጥሶ ጭኗ ላይ ወደቀ።

“ስንት ጊዜ ቆነጠጥሻት?” አለች።

“እንጃ። ብዙ።”

“አርባው ላይ ያለቀሰች ለአባቷ አልነበረም?”

“አልነበረም እማዬ።”

እናቴ የተበጠሰውን ክር ፈልጋ ለመቀጠል ሞከረችና ተወችው። “እኔ እኮ በዚያች ለቅሶ ነው የተጽናናሁ” አለች። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን የንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ፤ እሷ ናት የጠራቻቸው። ያልኩትን ሁሉ ደግሜ እንድናገር አደረገችኝ። አባ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሰሙኝ። “ፍሬን የምትይው ትዕግሥት አይደል?” አሉ። ወደ እናቴ ዞረው፣ “ጠበሉ የትም አይሄድም። እስከ መስቀል ትሞክር” አሏት። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ “በይ፣ ያበላሸሽውን ራስሽ አብጅው” አለች።

ሦስት ሳምንት ያህል ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን ነጠላውን አጥሩ ሥር ወንበር ላይ አጥፌ አስቀመጥኩ፤ እህቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ሽምብራዋን ትቆረጥማለች። አጠገቡ አላስጠጋኋትም። በቀጣዩ ቀን ጥለቱ እንዲታይ አደረግኩ። መቆርጠሟን አቁማ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም፤ እንደገና ቆረጠመች። ፈጥኜ ሄድኩ መሰለኝ፣ በአምስተኛው ቀን ራሴ ዘቅዝቄ ለብሼ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። ያን ያህል ርቀት ላይ ሆኜ መዳፏን አየሁት። የግራ ክንዷን ውስጠኛ ሥጋ፣ ልክ ያንኑ ቦታ፣ ሸፈነች። ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ነው ያለቀስኩት፤ ሴት ዘቅዝቃ ስታለቅስ ማየት ለእሷ ምን እንደሚሆን ስለማላውቅ። ሽምብራው ተበትኖ ቀረ። ሁለት ቀን ወደ ኋላ ተመለስን።

ከዚያ ትዕግሥት ተማርኩ፤ ከተፈጥሮዬ ውጭ የሆነ ነገር ነው። በቀን አንድ እርምጃ፤ እጆቼ ሁልጊዜ ጉልበቴ ላይ ተዘርግተው፣ እንድታያቸው። መስከረም ጠባ፤ በዓመት መለወጫው ማግስት አንድ አስከሬን በደጃችን አለፈ። የሙሾው ድምፅ አጥሩን ዘልሎ ሲመጣ እህቴ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ራሷን ታጋጭ ጀመር። እናቴ ከቤት ውስጥ ሆና ትሰማለች፣ መውጣት አትችልም፤ ብትወጣ ይብሳል። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው “ጎረምሶቹን ልጥራልሽ?” አሉኝ። “አይጥሩብኝ!” ብዬ ጮህኩባቸው። በእድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። በሚቀጥለው ቀን ከዜሮ ጀመርን።

መስቀል ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው እኔ ዘቅዝቄ አጠገቧ ተቀምጬ ከአንድ ሳህን ቆረጠምን። መዳፏ ክንዷ ላይ ነው፤ ግን ቆረጠመች። የቀረችው እናቴ ነበረች። በደመራው ዕለት ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከቤት ወጥታ አጥሩ ሥር ቆመች። እንድትናገር አልፈቀድኩላትም። እጇ ላይ ዳቦ ይዛለች። እህቴ ተነሳች። የግቢውን በር አየሁ፤ ቆልፌዋለሁ። የሚሰማው የባሕር ዛፉ ቅጠል ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ሄደች። ቆመች። ፊቷ ላይ ያ ከአስፋልቱ በፊት የነበረው ነገር መጣ፣ አፏ ተከፈተ፣ እኔ ለመዝለል ተዘጋጀሁ። ከዚያ አፏ ተመልሶ ተዘጋ። ክንዷን እንደሸፈነች ሄዳ ሄዳ ዳቦውን በሁለት ጣቷ ከእናቷ እጅ መንጭቃ ወደ ማድ ቤቱ ሮጠች።

እናቴ ባዶ እጇን ለረዥም ጊዜ ዘርግታ ቆመች። “ወሰደችው” አለች። “ከእጄ ወሰደችው!” ጎረምሶቹ እንዳይመጡ ራሷ ሄዳ ነገረቻቸው።

ተፈወሰች ብዬ የምዋሸው ሰው የለም። ግቢ ውስጥ የተማረችው ፍሬን ገበያ ላይ አልሠራም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከቅቤ ተራ ጎትቼ ነው ያወጣኋት። ያ ባለ ኮት መምህር እውነቱን ነበር። በር ላይ እንደገና፣ ወፍጮ ቤት እንደገና፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እንደገና አስተማርኳት። ለየአንዳንዱ ቦታ ወራት ሄደ። መዳፏን ግን ከክንዷ ላይ አንስታ አታውቅም።

ከስድስት ዓመት በኋላ እናታችን ታማ በሁለት ሳምንት ሞተች። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሴቱ ዘቅዝቆ ገባ፣ እኔም ዘቀዘቅኩ። አላለቀስኩም። ማልቀስ አልቻልኩም፤ ዓይኔ እህቴ ላይ ነበር፤ ሌላው ዓይኔ አስፋልቱ ላይ። ለቅሶ ቤት ገብታ አታውቅም፣ ይህን ቦታ አላስተማርኳትም፣ ያን ሁሉ የተዘቀዘቀ ሴት በአንድ ላይ ካየች ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ጎረቤታችን፣ አሁን ያረጁት፣ በጆሮዬ “እንዴ፣ አንቺስ አታለቅሺም?” አሉኝ። ያን ጊዜ እህቴ ከማድ ቤት ወጣች።

በድንኳኑ አፍ ቆመች። መዳፏ ክንዷ ላይ ነው። ልነሳ ስል ገባች። በሴቶቹ መካከል፣ ማንንም ሳትነካ፣ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና ፊቴ ቁጭ አለች። ነጠላዬን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች፤ እሷ ፊት የማታየዋ፣ ደረቅ ዓይኔን አተኩራ አየችው። ግራ የገባት መሰለች። እጇን ከክንዷ ላይ አነሳች፤ እጅጌዬን ሰበሰበች፤ የክንዴን ውስጠኛ ሥጋ ይዛ፣ ጠምዝዛ ቆነጠጠችኝ።

“እማዬን!” ብዬ ጮህኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እንባዬ እስኪወርድ አልለቀቀችኝም።

ስታየው ለቀቀችኝ፤ ከዚያ ነጠላዬን ከትከሻዬ ስባ ወደ ደህናው አዞረችው። በእናቱ ለቅሶ ላይ በደህና የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ጎረቤታችን ሊያስተካክሉልኝ እጃቸውን ሰደዱ።

“ይተዉት” አልኳቸው።

እህቴ ጥለቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰማያዊውን በሌባ ጣቷ መከተል ጀመረች።